አልኮል የተቀላቀለበት ጋዝና ቆሞ የሚከርመው መኪና

በሳንዲ ስፕሪንግስ፣ በሮዝዌል ሮድ ግራና ቀኝ ባሉት ማደያዎች የሚቀዳው ጋዝ አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ይህን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ባለመኪናው አገር ቤት ሦስት ወር ከርሞ ሲመለስና ሞተሩ አልነሳ ሲለው ነው።

ኢታኖል አልኮል ነው፤ እዚህ አገር በአብዛኛው ከበቆሎ ይወጣል፤ የአረቄ የቅርብ ዘመድ ማለት ይቻላል። ለኢትዮጵያዊም እንግዳ አይደለም። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተው ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል።

በአሜሪካ የነገሩ መነሻ ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሻሻለው የንጹህ አየር ሕግ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚበዛባቸው ከተሞች በክረምት ኦክስጅን ያዘለ ነዳጅ እንዲሸጥ አዘዘ። በብዙ ቦታ ይጨመር የነበረው ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካል የከርሰ ምድር ውሃ እየበከለ ሲያስቸግር ኢታኖል ቦታውን ወሰደ። የ2005ና የ2007 የኃይል ሕጎች ደግሞ በመላው አገር አስፋፉት።

በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ጉዳቱ ኪስ ላይ ነው። ኢታኖል ከቤንዚን ሲነጻጸር ጉልበቱ በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ በጋሎን 30 ማይል ይሄድ የነበረ መኪና ወደ 29 ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ለሚውል ሾፌር ይህ ቀላል አይደለም። ሞተሩን ግን አይጎዳውም፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ ለኮምፒዩተሩ እየነገረ ነዳጁን ያስተካክላል። ይህን የሚያደርግለት የሌለው ካርቦራቶር ያለው አሮጌ መኪና ነው። እሱ ነዳጅ እያነሰው ይግላል፤ የጎማ ቱቦዎቹንም አልኮሉ ያደርቃቸዋል።

15 በመቶ የሚለው ብርቱካንማ ምልክት ያለበት ፓምፕ የተፈቀደው ከ2001 ሞዴል ወዲህ ላሉ መኪኖች ብቻ ነው። ለሣር ማጨጃና ለሞተር ብስክሌት ክልክል ነው። ኢ85 የሚባለውንም ዋጋው ረከሰ ብሎ መቅዳት የሚችለው ፍሌክስ ፊዩል የሆነ መኪና ያለው ብቻ ነው፤ የብዙዎቹ የነዳጅ ክዳን ቢጫ ነው።

ዋናው ችግር ውሃ ነው። አልኮል ውሃ ይስባል። ስለዚህም ነው ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ጋር በረጅሙ ቧንቧ የማይላከው፤ የሚቀላቀለው እንደ ዶራቪል ባሉት ዴፖዎች ቦቴው ሲጫን ነው። በአንድ ጋሎን ውስጥ 4 የሻይ ማንኪያ የሚያህል ውሃ እስኪገባ ድብልቁ ይችለዋል። ከዚያ ካለፈ አልኮሉና ውሃው ተያይዘው ከታንኩ ሥር ይተኛሉ፤ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ አዲስ መኪና ይህ በቀላሉ አይደርስም። በአሮጌ መኪናና በሣር ማጨጃ ላይ ግን፣ በአትላንታ ወበቅ፣ ይደርሳል።

እንግዲህ ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው ታንኩን ሞልቶ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ባዶ ቦታ ካነሰ እርጥበት የሚያዝል አየርም ያንሳል። ከአውቶ ፓርትስ መደብር ስቴብላይዘር ገዝቶ መጨመርና ነዳጁ እንዲዳረስ ጥቂት መንዳትም ይበጃል። ሲመለስ ሞተሩ አልነሳ ቢለው በመጀመሪያ ባትሪውን ያሳይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ነው። ውሃው ከሥር ከተኛ ግን አዲስ ጋዝ መጨመር አያድነውም፤ ታንኩን አስቀድቶ ፊልትሮውን ማስለወጥ ነው።