መሐረቧ ምን አጠፋች? «ኦቴሎ» በእኛ ቤት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚልም አለን። ሁለቱም አባባሎች መጠርጠርን ከብልህነት ይቆጥሩታል። ለገበያ እውነትነት አላቸው፤ ጆንያውን ፈትቶ ሳያይ ቡና የገዛ ነጋዴ ይከስራል። ለትዳርስ ይሠራሉ? ከ400 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ የእንግሊዝ ተውኔት የሚነግረን ተቃራኒውን ነው፦ የተመነጠረው የጠረጠረው ሰው ነው፤ ያውም የሚወዳትን ሚስቱን ይዞ።

ተውኔቱ የዊልያም ሼክስፒር «ኦቴሎ» ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1604 ለንደን ውስጥ በንጉሡ ቤተ መንግሥት መታየቱ ተመዝግቧል። በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ አማርኛ የመለሰው ደግሞ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ፣ ቦዳ በተባለ ስፍራ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለደ፤ በሁለቱም ቋንቋዎች አደገ። ከ«ኦቴሎ» ሌላ «ሐምሌት»ንም ተርጉሟል።

እርስዎ የሚኖሩት ሁሩሙ፣ መቱ ወይም ያዮ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቴአትር ሩቅ ነው። ታሪኩ ግን ከደጅዎ አይርቅም። የኢሉባቦር ከተሞች ቡና የሳባቸው ነጋዴዎች፣ በሥራ ተመድበው የመጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተጋብተው የሚኖሩባቸው ናቸው። «ልጃችን የማናውቀውን ሰው አገባች» የሚለው ሐሜት በየት በኩል እንደሚዞር ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ፍቅር፦ የመጤው አማች

ኦቴሎ ለቬኒስ ከተማ የሚዋጋ ጥቁር ጄኔራል ነው። ዴዝዴሞና የሹም ልጅ ናት። ወጣቷ የወደደችው ያለፈበትን መከራና ጦርነት ሲያወጋ ሰምታ ነው። ተደብቀው ተጋቡ። አባቷ ብራባንሲዮ «ልጄን በድግምት አሳታት» ብሎ ከመስፍኑ ሸንጎ ፊት ከሰሰ። እሷ ግን ቀርባ፣ በገዛ ፈቃዷ እንዳገባችው ራሷ ተናገረች። ሸንጎው ለባልና ሚስቱ ፈረደ።

አባትየው ከሸንጎው ሲወጣ ግን አንድ መርዝ ጥሎ ሄደ። «አባቷን ያታለለች አንተንም ታታልልሃለች» የሚል መንፈስ ያለው ማስጠንቀቂያ ነበር። ያኔ ኦቴሎ አልሰማውም። ቃሉ ግን አልጠፋም፤ በኋላ ሌላ ሰው አንሥቶ ተጠቀመበት። በቁጣ ሰዓት በልጆቻችን ትዳር ላይ የምንወረውራቸው ቃላትም እንዲሁ ናቸው። እኛ ስንረሳቸው ሌላው ያስታውሳቸዋል።

ሥልጣን፦ የተነፈገ ሹመት

ያ ሌላ ሰው ኢያጎ ይባላል። የኦቴሎ ሰንደቅ ያዥ ነው። ኦቴሎ የምክትልነቱን ሹመት ለወጣቱ ካሲዮ ስለሰጠው ቂም ቋጥሯል። ይህን ስሜት በማንኛውም መሥሪያ ቤት ያገኙታል፤ ዓመታት ያገለገለ ሠራተኛ ዕድገቱ ለሌላ ሲሰጥ የሚሰማው ነው። ልዩነቱ፣ ኢያጎ አቤቱታ አላቀረበም፤ ሥራውንም አልለቀቀም። አለቃውን በቤቱ በኩል መጣ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ በተውኔቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ኢያጎን የሚጠራው «ታማኙ» እያለ ነው። መጀመሪያ ላይ በግልጽ አይከስም። አንድ ነገር ይጀምርና ያቋርጣል። «ምን አልክ?» ሲባል «ምንም» ይላል። ተለምኖ የሚናገር ይመስላል። ኦቴሎ ጨርሶ ያልተነገረውን በራሱ አእምሮ ይሞላዋል። «አንተ ባዕድ ነህ፤ የአገሯን ሴቶች አታውቃቸውም» የሚለው ምክር ሲጨመር፣ በጦር ሜዳ የማይደነግጠው ጄኔራል በራሱ ላይ ያለውን እምነት አጣ።

በቀል፦ አንድ ቁራጭ ጨርቅ

ማስረጃው መሐረብ ነበር። ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት የመጀመሪያ ስጦታ ነው። አንድ ቀን ራሱን ሲያመው በመሐረቡ ልታስርለት ስትል ወደቀ። ያነሣችው ኤሚሊያ ናት፤ የዴዝዴሞና ደንገጡርና የኢያጎ ሚስት። ባሏ ደጋግሞ ጠይቋት ስለነበር ለምን እንደፈለገው ሳታውቅ ሰጠችው። እሱም ካሲዮ ክፍል ውስጥ ጣለው። ኦቴሎ መሐረቡን በሌላ ሰው እጅ ሲያይ ሁሉም ነገር የተረጋገጠ መሰለው። ሚስቱን በአልጋዋ ላይ አፍኖ ገደላት።

ኤሚሊያ እውነቱን አወጣች፤ ባሏም ወግቶ ገደላት። ኦቴሎ የሠራውን ሲረዳ ራሱን አጠፋ። ኢያጎ ተያዘ፤ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ግን አልናገርም አለ።

መሐረቡ ዛሬ ስልክ ሆኗል። ያልተመለሰ ጥሪ፣ በስም ያልተመዘገበ ቁጥር፣ ሌሊት የገባ መልእክት፣ አንድ ሰው «እስቲ ይህን እይ» ብሎ የላከው ፎቶ። መሐረቡ አልዋሸም፤ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ እውነት ነው። ያልተጠየቀው «እንዴት እዚያ ደረሰ?» የሚለው ነበር። ኦቴሎ «መሐረቡ የታለ?» ብሎ ሚስቱን አፋጥጧታል፤ በማን እንደጠረጠራት ግን ሊገድላት እስከቆመባት ሰዓት ድረስ አልገለጠላትም። ያኔም «ካሲዮን ጠይቀው» ብላ ብትለምነው አልሰማትም።

ለእኛ ቤት የሚሆን

ተውኔቱ «አትጠርጥሩ» አይልም። ሰው ነንና እንጠረጥራለን። ጥርጣሬ ወደ ቤትዎ የገባ ዕለት ግን እነዚህን አራት ነገሮች ያስቡ።

አንደኛ፣ የነገረዎትንም ይጠርጥሩ። ኦቴሎ ሚስቱን ሲጠረጥር የኢያጎን ዓላማ አልመረመረም። ወሬውን ያመጣው ሰው ምን ያገኝበታል? ካኮረፈስ ስንት ጊዜው ነው?

ሁለተኛ፣ ባለቤቱን ይጠይቁ። በምርመራ ድምፅ ሳይሆን «እንዲህ ሰምቼ ከፍቶኛል» በሚል ቃል። መልስ የሚጠብቅ ጥያቄና ፍርድ የያዘ ጥያቄ አይመሳሰሉም።

ሦስተኛ፣ ሌሊቱ ይለፍ። በመድረኩ አቆጣጠር ባልና ሚስቱ ቆጵሮስ ደሴት ከደረሱ በኋላ እስከ ግድያው ያለው ጊዜ ሁለት ቀን አይሞላም። አንድ ሳምንት ቢታገሥ ኖሮ የኢያጎ ወሬ ባልቆመ ነበር።

አራተኛ፣ ሦስተኛ ሰው ያስገቡ። እነዚያ ባልና ሚስት በደሴቲቱ ላይ ሽማግሌ አልነበራቸውም። እኛ አለን። በኦሮሞ ባህል ጃርሱማ የሚባለው የሽማግሌ እርቅ፣ የንስሐ አባት፣ የመስጊድ ኢማም፣ አስተዋይ አክስት። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ሐሜት ይወራበታል፤ እርቅም ይወርድበታል።

አንድ ነገር ግን ለሽማግሌ ብቻ አይተውም። ዴዝዴሞና ከመገደሏ በፊት ባሏ በሰው ፊት በጥፊ መቷታል። ያዩት ደነገጡ፤ ይቅርታ እንዲጠይቃትም ተናገሩት፤ ከእሱ ቤት ግን አላወጧትም። «ቅናት የፍቅር ምልክት ነው» የሚለውን ማባበያ እዚህ ላይ ማቆም አለብን። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ወንጀል አድርጎታል። እህትዎ፣ ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ «መታኝ» ካለችዎ፣ መጀመሪያ ደኅንነቷ ወደሚጠበቅበት ቦታ ይውሰዷት። እርቁ ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።

የጸጋዬን ትርጉም ካገኙት ከጎልማሳ ልጆችዎ ጋር ተራ በተራ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ኢያጎ ሲናገር ቆም ይበሉና «አሁን የተናገረው ውሸት የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። የሰውን ንግግር መመርመርን ከቤት መጽሐፍ ቢማሩት፣ ነገ በገዛ ትዳራቸው ከመማር ይሻላቸዋል።