ተጨማሪ መረጃ፦ «ታጠብ» በስፓኒሽኛ
«እጠብ» ብንል ሳህኑን ወይም ልብሱን ነው፤ «ታጠብ» ካልን ግን ራስህን። አማርኛ ልዩነቱን በግሱ መነሻ ላይ ያሳያል። ስፓኒሽኛ ሥራውን ለቃሉ ጅራት ይሰጠዋል፦ «ላባ» እጠብ፣ «ላባቴ» ታጠብ። አንቱታ ሲመጣ ግሱም ጅራቱም ይለወጡና «ላቤሴ» ይሆናል፤ ይታጠቡ ማለት ነው።

ጅራት ቢቀጠልም ጠንክሮ የሚነበበው ያው «ላ» ነው። ቃሉ ስለረዘመ ግን በጽሑፍ አናባቢው አናት ላይ ጭረት ይደረጋል፤ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህንኑ ነው። ባለ ሁለት ቀለሙ «ቤቴ» ጭረት አያሻውም። በነገራችን ላይ፣ ለጆሯችን የኔ ቤት ቢመስልም ትርጉሙ «ሂድ፣ ጥፋ» ነው!

በስፔን ለጓደኞች «ተቀመጡ» ለማለት «ሴንታድ» ላይ «ኦስ» ሲጨመር «ድ» ትወድቃለች፦ «ሴንታኦስ»። አፈንጋጩ «ሂዱ» ነው፤ «ድ»ን አልለቅም ብሎ «ኢዶስ» ይባላል። ተናጋሪው ግን በአብዛኛው «ኢሮስ» ይላል፤ የስፔን ሮያል አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ተቀብሎታል። በላቲን አሜሪካ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ለወዳጅም ለሹምም፣ ብዙ ከሆኑ «ሲዬንቴንሴ» ነው።