ዐይን፣ ጆሮና እጅ በአንድ ትምህርት

መልቲሚዲያ ጽሑፍን፣ ድምፅን፣ ሥዕልንና ተንቀሳቃሽ ምስልን አቀናጅቶ የሚያቀርብ የማስተማሪያ ዘዴ ሲሆን፣ መልቲሞዳሊቲ ደግሞ አንድን ሐሳብ በንግግር፣ በጽሑፍ፣ በሥዕል፣ በዜማና በአካል እንቅስቃሴ እየገለጹ አንዱ መንገድ የጎደለውን በሌላው መሙላት ማለት ነው። ስያሜዎቹ አዲስ ይሁኑ እንጂ አሠራሩ በግንደወይን፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ልጅ እያንዳንዱን ሆሄ በስንደዶ እየነካ፣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ስለዚህ ዐይኑ ያየውን ቅርጽ እጁ ይጠቁማል፣ አፉ ያሰማል፣ ጆሮውም መልሶ ይቀበላል። ወደ ዜማ ቤት ሲገባ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉት 8 ምልክቶች ድምፁን እንዴት እንደሚያዜም ይመሩታል፤ ሆኖም ምልክት ብቻውን ዜማ ስለማይሆን ከመምህሩ አፍ እየሰማ ይቀጽላል። በአቋቋም ቤት መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይታከሉበታል። በቢቸና አቅራቢያ እንደምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የቅኔ ቤቶችም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ ተማሪዎች «ፕላዝማ» የሚሉት የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ እንኳ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራ በምስል እንዲያይ አስችሏል። ይሁን እንጂ ስርጭቱ በእንግሊዝኛና በአንድ ፍጥነት ይሄድ ስለነበር፣ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ የሚያቆምለት አልነበረም፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈውም መግቢያና ማጠቃለያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር፣ ሰው ከቃላት ብቻ ይልቅ ከቃላትና ከሥዕል ጥምረት የተሻለ እንደሚማር፣ ትምህርቱም ተማሪው ራሱ በሚያስኬደው ፍጥነት ተከፋፍሎ ሲቀርብ የበለጠ እንደሚገባው ያስረዳል። የዜማ መምህራን ቃል በቃል እያስቀጸሉ ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ከፋፍሎ ማስተማር ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የመንገዶቹ መደጋገፍና የተማሪው መልስ መሰማቱ ነው። የባዮሎጂ መምህር የተዘፈዘፈ ባቄላ ለተማሪዎቹ ቢያድል፣ እነርሱም ልጣጩን ልጠው ሁለቱን ክክና በመካከላቸው ያለውን ሽል ቢያዩ፣ ያዩትን ቢሥሉ፣ ክፍሎቹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢሰይሙ፣ ከዚያም አንዱ ለሌላው ቢያስረዳ፣ በአንዲት ፍሬ ብዙ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። የአበቃቀሉን ቪዲዮ በስልክ የሚያሳይ መምህርም በየመሃሉ አቁሞ ይጠይቅ፤ የሚታየው ሁሉ ትምህርት የሚሆነው ተማሪው በራሱ አንደበትና በራሱ እጅ መልሶ ሲገልጸው ነውና።