በምድር መግነጢሳዊ መስክ የሚሠራ የአነስተኛ ወጪ ኤን.ኤም.አር. መሣሪያ

ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል በየፊናቸው የደረሱበትና እ.ኤ.አ. በ1952 የኖቤል ሽልማትን ያስገኘላቸው ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ (ኤን.ኤም.አር.) በኬሚስትሪም ሆነ በፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሳይነሣ አይታለፍም። መሣሪያውን በእጃቸው የነኩ ተማሪዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። ዘመናዊው መሣሪያ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ስለሚፈልግ፣ ከግዢው ባሻገር ሂሊየሙን ሳያቋርጡ ማቅረቡ ራሱ የማይገፋ ሸክም ይሆናል። በቤት ውስጥ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ሰውም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ጠንካራ ማግኔት ስለማግኘት ነው። ይሁን እንጂ ከጥንካሬው ይልቅ የሚያስቸግረው የመስኩ ወጥነት ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔቶችን ገጣጥሞ ግማሽ ቴስላ ማግኘት ይቻላል፤ ያንን መስክ በናሙናው ውስጥ ሁሉ እኩል ማድረግ ግን የረቀቀ የብረት ሥራን ይጠይቃል።

ወጥ የሆነውን መስክ በነፃ የምትሰጠው ምድር ናት። ማርቲን ፓካርድና ራስል ቫሪያን እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳወቁት፣ የውኃ ፕሮቶኖች በምድር መስክ ውስጥ እንደ እንዝርት ሲሽከረከሩ የሚሰጡትን ምልክት በተራ የሽቦ ጥቅል መቀበል ይቻላል። የፕሮቶን ድግግሞሽ ለእያንዳንዱ ማይክሮቴስላ 42.58 ኸርዝ ነው። በአዲስ አበባ የመስኩ መጠን ከ36 ማይክሮቴስላ ብዙም ስለማይርቅ ምልክቱ በ1,530 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ ይኸውም የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ ሳያስፈልግ የኮምፒውተር የድምፅ ካርድ መቅጃ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የምልክቱ ድካም ነው። በ36 ማይክሮቴስላ ውስጥ ከመስኩ ጋር የሚሰለፉት ፕሮቶኖች ከማይሰለፉት የሚበልጡት ከአሥር ቢሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው። መፍትሔው ከመለካት በፊት ውኃውን ለጥቂት ሰከንዶች በጠንካራ መስክ ማሰለፍ ነው። ዲያሜትሩ 10፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ለሞተር ጥቅል የሚሸጠው የ1 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በሦስት ንብርብር 600 ዙር ቢጠቀለል፣ የሽቦው ርዝመት 190 ሜትር ገደማ፣ ሬዚስታንሱም 4 ኦም ገደማ ይሆናል። ሁለት የመኪና ባትሪዎች ተቀጥለው 24 ቮልት ሲሰጡት ወደ 6 አምፔር የሚጠጋ ጅረት ያልፍበታል፤ በመካከሉም 20 ሚሊቴስላ የሚደርስ መስክ ይፈጠራል። ይህም ከምድር መስክ ከ500 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጥቅሉ በዚያ ጊዜ 140 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ጅረቱን ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በላይ ማቆየት አይመከርም። የንጹሕ ውኃ ፕሮቶኖችም ለመሰለፍ ከዚህ ብዙ የራቀ ጊዜ አይፈልጉም።

ብዙ ሙከራዎች የሚከሽፉት ጅረቱ በሚቋረጥበት ቅጽበት ነው። በጥቅሉ ውስጥ የተከማቸው ሩብ ጁል ያህል ኃይል በድንገት ሲለቀቅ የሪሌውን ጥርሶች ያቃጥላል። ይህን ለመከላከል ተራ ዳዮድ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ግን ጎጂ ነው። በዳዮድ መንገድ ጅረቱ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ቀስ እያለ ስለሚሞት፣ የፕሮቶኖቹ አቅጣጫ እየዞረ ከምድር መስክ ጋር ይተኛል፤ ያን ጊዜ የሚሽከረከር ነገር አይኖርም። ጅረቱ ከአንድ ዙር ጊዜ፣ ማለትም ከ0.65 ሚሊሰከንድ፣ ባነሰ ጊዜ መጥፋት አለበት። ቮልቴጁን በ300 ቮልት ገደማ የሚገታ ቫሪስተር ይህን በ0.3 ሚሊሰከንድ ያሳካል። ጥቅሉን በእጅ መንካት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የጥቅሉ ዘንግ ለምድር መስክ ቀጥተኛ ማዕዘን መሥራት ይኖርበታል። በሰሜን አውሮፓ መስኩ ወደ መሬት አዘቅዝቆ ስለሚገባ ጥቅሉን ማቆም አያዋጣም። አዲስ አበባ ግን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ መስኩ ወደ ሰሜን ተንጋልሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ጥቅሉን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጠርሙሱን በውስጡ ማስቀመጥ ይበቃል። በከተማይቱ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያም የተመሠረተው በዚሁ ስፍራ ልዩነት የተነሣ ነው።

ከጠርሙሱ የሚወጣው ምልክት ከአንድ ማይክሮቮልት ብዙም አይበልጥም። ከጥቅሉ ጋር 0.7 ማይክሮፋራድ ገደማ ካፓሲተር ቢገናኝ ምልክቱ 30 እጥፍ ያህል ይጎላል፤ ቀሪውን አነስተኛ ጫጫታ ያለው አምፕሊፋየር ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ዋናው ጠላት የመብራት መስመር ነው። የ50 ኸርዝ ብዜቶች በ1,500 እና በ1,550 ኸርዝ ይገኛሉ፤ የመስኩ መጠን በግማሽ ማይክሮቴስላ ቢለወጥ ምልክቱ 21 ኸርዝ ያህል ስለሚሸሽ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መዛወር ብቻ ከብዜቱ ላይ ሊጥለው ይችላል። በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠቀለለ ሁለተኛ ጥቅል ከመጀመሪያው ጋር በተከታታይ ማገናኘት ከሩቅ የሚመጣውን ጫጫታ አብዛኛውን ያጣፋል።

ብረት ደግሞ ከጫጫታ የባሰ ነው። በጠርሙሱ ሁለት ጫፎች መካከል የ1 ማይክሮቴስላ ልዩነት ቢኖር፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሊሰማ ይችል የነበረው ምልክት በመቶኛ ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በፌሮ በተሞላ ኮንክሪት ወለል ላይ የተሠራ መሣሪያ ምንም ባያሳይ የኤሌክትሮኒክሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከሕንፃና ከተሽከርካሪ ርቆ፣ በእንጨት መቆሚያ ላይ፣ በግቢ ውስጥ መሞከር ይሻላል።

የታየው ምልክት እውነተኛ መሆኑም መፈተሽ አለበት፤ የተቃኘ ጥቅል ጅረቱ ሲቋረጥ በራሱ ድግግሞሽ ስለሚያቃጭል ጀማሪን ያታልላል። ጠርሙሱን ባዶ አድርጎ መድገም አስተማማኝ ፈተና ነው።

ኬሚስቱ ከዚህ መሣሪያ የለመደውን ስፔክትረም ሊጠብቅ አይገባም። ከሚሊዮን 10 እጅ የሆነ የኬሚካል ሽግግር በ1,530 ኸርዝ ላይ 0.015 ኸርዝ ብቻ ነው፤ የውኃው መስመር ራሱ ከዚህ አሥር እጥፍ ይሰፋል። በኒውክሌሶች መካከል ያለው ትስስር ግን በመስኩ ጥንካሬ ስለማይወሰን፣ የትራይሜቲል ፎስፌት ፕሮቶኖች ፎስፈረሱ በፈጠረው ወደ 11 ኸርዝ በሚጠጋ ልዩነት ሁለት መስመር ሆነው በግልጽ ይለያሉ። ለመጀመሪያ ሥራ የሚመረጠው ግን መዳብ ሰልፌት ነው፦ የማሰለፊያውን ጊዜ እየለዋወጡ የምልክቱን ቁመት መመዝገብ፣ ከዚያም ጥቂት ሰማያዊ ጨው በውኃው አሟሙቶ መድገም። የመዳቡ አዮኖች ፕሮቶኖቹ የሚሰለፉበትን ጊዜ ሲያሳጥሩት፣ ግራፉ ቶሎ ቶሎ ጣሪያውን ሲነካ ይታያል።