ዘር ከመዝራታችን በፊት ቀኑን እናንብብ
(ስለ አበባ ጎመን በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

  የዛሬው ትምህርታችን አበባ ጎመንን ከዘር ጀምሮ በጓሮ ስለ ማልማት ነው።

አበባ ጎመን የጥቅል ጎመን ዘመድ ነው። ጥቅል ጎመን ቅጠሉ ይጠቀለላል። አበባ ጎመን ግን መሀሉ ላይ ነጭ ራስ ያወጣል። የምንበላው ይህን ራስ ነው። አንድ ተክል የሚሰጠው አንድ ራስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ችግኝ ጠፋ ማለት አንድ ራስ ጠፋ ማለት ነው። ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ሙቀት አይወድም።

እስቲ ከዘሩ እንነሳ። እኔ መምህር ነኝ። ማንበብ ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ተሞኘሁ። ከገበያ አንድ ፓኬት ዘር ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ የአገልግሎት ማብቂያው 2018 ይላል። «ገና 4 ዓመት አለው» ብዬ ደስ አለኝ። መደብ አዘጋጅቼ ዘራሁ። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። 2018 የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ኖሯል። በእኛ አቆጣጠር 2010 ወይም 2011 ማለት ነው። ዘሩ ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት አልፎታል! ገንዘቤም ድካሜም መና ቀረ። አያችሁ? ፊደሉን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ያነበቡትን ማስተዋልም ያስፈልጋል።

የፈረንጅ ዓመት ከእኛ ዓመት በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። ስለዚህ ከተጻፈው ዓመት ላይ 8 ብትቀንሱ አትሞኙም።

ቀኑ ከጠፋስ? ያን ጊዜ ዘሩን እንፈትነዋለን። 10 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ፈታችሁ ቁጠሩ። 7 ወይም 8 ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

አሁን ወደ መዝራቱ እንሂድ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ መደብ ሥሩ። አፈሩን አለስልሱ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ። ዘሩን አራርቃችሁ ዝሩ፤ አፈር በስሱ አልብሱት። ከላይ ሣር ጎዝጉዙ። በአንድ ሳምንት ገደማ ብቅ ሲል ሣሩን አንሡ። ከባድ ዝናብና በረዶ እንዳይመታው ትንሽ ዳስ ሥሩለት።

ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሆነው፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ችግኙ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። መጀመሪያ መደቡን ውሃ አጠጡ። ፀሐይ ስትበርድ ከነአፈሩ አንሥታችሁ ትከሉ። በችግኝና በችግኝ መካከል አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። እዚህ ላይ ግን አትዘግዩ! መደብ ላይ የቆየ ወይም ውሃ የተጠማ ችግኝ ራሱ ሳያድግ አንሶ ይቀራል።

ከተተከለ በኋላም ውሃ አታቋርጡበት። ቅጠሉን እየገለበጣችሁ እዩ። አረንጓዴ ትል ካገኛችሁ በእጅ ልቀሙ። ራሱ እንቁላል ሲያክል ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስባችሁ በገመድ ላላ አድርጋችሁ እሠሩ። ፀሐይ ከመታው ቢጫ ይሆናል። ከተተከለ ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ይደርሳል። ጠበቅ እንዳለ ቁረጡት። መበተን ከጀመረ ጊዜው አልፎበታል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ ጎመን አትድገሙ፤ ባቄላ ወይም ሽንኩርት ትከሉ። ተባይና በሽታው አፈሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላልና።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአንድ የዘር ፓኬት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 2027 ተጽፏል። 8 ስትቀንሱ በእኛ ስንት ይሆናል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁም አስረዱ። ገበያ ስትወጡ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ፓኬቱን ገልብጡና ቀኑን ፈልጉ።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።