ጥርሱን የተነቀለ ጾመኛ

ረመዷን በገባ ቁጥር ከዙህር ሶላት በኋላ ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው ወደ እኔ የሚጠጉ ሰዎች አይጠፉም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ሸኽ፣ ጥርሴን ተነቅያለሁ፤ ጾሜ ተበላሸ ወይ?» መልሱ አጭር ነው፤ አልተበላሸም። ጥርስ መነቀል በራሱ ጾም አያፈርስም። ድድ ላይ የሚወጋው የማደንዘዣ መርፌም ምግብ ስላልሆነ አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ፣ ጥርስ መንቀልም ሆነ መቦርቦር ወደ ጉሮሮ የሚደርሰውን እስካልዋጡ ድረስ ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። ጾመኛው ደም እንዳይውጥ ስለሚፈራ ቀኑን ሙሉ «እትፍ» ሲል ይውላል። ውዱእ ባደረገ ቁጥርም ደሙን ላጥራ ብሎ አፉን በኃይል ይጉመጠመጣል። ፍርሃቱ ጾምን ከማክበር የመጣ ነው፤ ቁስሉን ግን ይጎዳዋል። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ለአጥንቱና ለነርቩ ክዳን ነው። በኃይል መትፋት፣ በኃይል መጉመጥመጥ፣ መጠጥ በስትሮ መሳብ፣ ሲጋራና ሺሻ ማጨስ ክዳኑን ሊያነሳው ይችላል። ከተነሳ አጥንቱ ይራቆታል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ይጀምራል፤ አፍም ይሸታል። በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ይህ ይበዛል። የአንድ ቀን ጾሙን ለማዳን ሲታገል የቆየው ሰው በሕመሙ ምክንያት ብዙ ቀን ሊያፈርስ ነው።

ስለዚህ ሑክሙን በትክክል ማወቅ ለቁስሉም ይጠቅማል። በሻፊዒ መዝሀብ ደም የተቀላቀለበትን ምራቅ እያወቁ መዋጥ ጾም ያፈርሳል። ነገር ግን ሳያስበው የወረደበት ሰው ጾሙ አልፈረሰም። ድዱ ያለማቋረጥ የሚደማና መጠንቀቅ የከበደው ሰውም ይቅር እንደሚባል የመዝሀቡ ዑለሞች ተናግረዋል። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ምራቁ ከደሙ ከበዛ ጾሙ አይፈርስም። ሁለቱም ጾመኛውን ቀኑን ሙሉ ሲተፋ ዋል አላሉትም።

ሐኪሙ የሰጠውን ፋሻ ለ30 ደቂቃ ያህል ነክሶ መያዝ ነው። ከዚያ ምራቁ ቀይ እስከሆነ ድረስ ሳይተፉ አፍን ዘንበል አድርጎ በሶፍት መቀበል ይበቃል። ከጠራ በኋላ ውሃ ቀስ ብሎ አፍ ውስጥ አድርጎ እንዲሁ በማፍሰስ የደሙን ቅሪት ማጽዳት፣ ከዚያ እንደ ወትሮው መዋጥ ነው። መጉመጥመጥን በተመለከተ፣ በሻፊዒ መዝሀብ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በዚያ ቀን ቢተው ውዱእ አይበላሽም። ግዴታ ነው የሚለውን የሚከተል ደግሞ ውሃውን ቀስ ብሎ አፉ ውስጥ አድርጎ እንዲሁ ያፍስሰው። ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ካፈጠሩ በኋላ፣ በለብታ የጨው ውሃ በዝግታ ማጠብ ይጠቅማል። ሲዋክም በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ይቀጥል፤ ቁስሉን ብቻ ይዝለለው።

መድኃኒት ላይ ሌላ ስህተት አያለሁ። በየ8 ሰዓቱ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው ሦስቱንም በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ያጨናንቀዋል፤ ወይም የቀኑን ይተወዋል። በአገራችን ያ ጊዜ 11 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ካለ ሐኪሙን ገና ሲያዝዝ መጠየቅ ነው፤ «ጾመኛ ነኝ» ማለት አያሳፍርም። እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን ማስታገሻ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ መውሰድ ይሻላል። ሐኪሙ ሌላ መንገድ የለም ካለ ወይም ሕመሙ ከበረታ ግን ሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ለበሽተኛ ሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዶለታል። አፍርሶ ቀዷ ማውጣት ነው። ደሙ አልቆም ካለ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከጨመረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ መዋጥም ከከበደ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እናቶች የኢፍጣሩን ማዕድ ሲያዘጋጁ ለዚህ ሰው ለየት ያድርጉለት። የሳንቡሳው ጥርት ያለ ጠርዝ ቁስሉን ይወጋል፤ የሚያቃጥል ሾርባ ደሙን ይቀሰቅሳል። ፍሬው የወጣ ለስላሳ ተምር በሌላኛው ጎን ይታኘክ። ለብ ያለ አጥሚት፣ ቅመሙ የቀለለ ገንፎ፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ በማንኪያ ጥሩ ነው። ከተራዊሕ በኋላ ጫት የሚይዙ ደግሞ ቢያንስ ይህን ሳምንት ይቅርባቸው። (ስለ ቀሪዎቹ ሳምንታት የምለውን ጀመዓዬ ያውቀዋል።)

ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። የጎን ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ የታችኛው ከወጣ የላይኛው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ስለ ምትክ ጥርስ ጊዜ ሳይረዝም ሐኪምን ማማከር ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለውዱእ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ጾምም አይነካም። ሰሐባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ያሠሩት ብር በሸተተባቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲተኩት አዘዋቸዋል። ዑለሞች ችግር ሲኖር ጥርስንም የሚያዩት በዚሁ ዓይን ነው።

የላይኛውን የፊት ጥርስ ያጣ ሰው ደግሞ ቂርኣቱ ይነካበታል። ሣእ፣ ዛልና ዟእ የሚወጡት የምላስ ጫፍ የእነዚህን ጥርሶች ጫፍ ሲነካ ነው፤ ፋእም የታችኛው ከንፈር ሲነካቸው። በዚህ አፍረው ከሶፍ ኋላ ድምፃቸውን የሚያጠፉ አባቶች አሉ። አቅሙ የፈቀደውን ያህል የቀራ ሰው የራሱ ሶላት ትክክል ነው። ፊደልን በሌላ ፊደል የሚቀይር ከሆነ ግን አስተካክለው የሚቀሩትን ባያሰግድ ይሻላል። ደግሞም ፋቲሓ ውስጥ ሣእም፣ ዟእም፣ ፋእም የሉም። ከእነዚህ ያለችው ዛል ብቻ ናት፤ እሷም በሰባተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ትመጣለች። ቁስሉ የዳነለት ሰው ከሱሑር በኋላ ያቺን አንቀጽ ለሚያውቅ ሰው ቀስ ብሎ ያሰማው፤ ምላሱ አዲሱን ቦታ በጥቂት ቀናት ሊለምደው ይችላል።