ሁሉም በአንድ መስመር፦ ፒዲፒ-11 ኮምፒውተርና ዩኒባስ

በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮምፒውተር ማለት ሰፊ ክፍል የሚሞላ፣ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ ባለሙያዎች የሚያስፈልጉት፣ ተጠቃሚው ግን በእጁ የማይነካው መሣሪያ ነበር። ተመራማሪው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ አስበስቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ ውጤቱንም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይቀበላል። ይህን አሠራር የለወጡት በመጠንም በዋጋም አነስ ያሉት፣ በአንድ ላቦራቶሪ ወይም በአንድ ፋብሪካ ጥግ ሊቆሙ የሚችሉት ሚኒኮምፒውተሮች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970 ለገበያ ያቀረበው ፒዲፒ-11 ልዩ ስፍራ አለው፤ ልዩ ያደረገውም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ሳይሆን ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

ዲጂታልን በ1957 የመሠረቱት ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን ሲሆኑ፣ ሥራቸውን የጀመሩት በ70 ሺህ ዶላር መነሻ ገንዘብ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሜይናርድ በምትባል ከተማ በሚገኝ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። በ1965 ያወጡት ፒዲፒ-8 ዋጋው 18 ሺህ ዶላር ገደማ በመሆኑ ኮምፒውተር ይኖረናል ብለው አስበው የማያውቁ ተቋማት ሁሉ ሊገዙት ቻሉ። ይሁን እንጂ ፒዲፒ-8 በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 12 ቢት ብቻ ነበር፤ ቢት ደግሞ ዜሮ ወይም አንድ የሆነ ትንሹ የመረጃ አሃድ ነው። የኮምፒውተሩ ዓለም ግን በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል ወይም ምልክት መያዝ ወደሚችለው ባለ 8 ቢት ባይት እየተሸጋገረ ስለነበር፣ ኩባንያው ሁለት ባይት፣ ማለትም 16 ቢት በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ አዲስ ኮምፒውተር አስፈለገው። በንድፉ ላይ ከሠሩት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ጎርደን ቤልና ሃሮልድ ማክፋርላንድ ናቸው። ፒዲፒ-11/20 የተባለው የመጀመሪያው ሞዴል በመነሻ ይዘቱ 10,800 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ኮምፒውተሮች ዘንድ ፕሮሰሰሩ ከማስታወሻው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሌላ፣ ከማተሚያው፣ ከዲስኩና ከመሰል ተቀጥላ መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ለእነዚህ መሣሪያዎች ብቻ የተመደቡ የተለዩ ትእዛዞችም ነበሩ። የፒዲፒ-11 ንድፍ አውጪዎች ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ አስወገዱት። ፕሮሰሰሩን፣ ማስታወሻውን፣ ዲስኩንና ማተሚያውን ሁሉ በአንድ የጋራ መስመር ላይ አሰለፏቸውና ያንን መስመር ዩኒባስ አሉት። ባስ የሚባለው በኮምፒውተር ውስጥ መረጃ፣ አድራሻና መቆጣጠሪያ ምልክት የሚመላለሱበት የሽቦዎች ስብስብ ነው። ዩኒባስ 56 የምልክት መስመሮች ያሉት ሲሆን 16ቱ መረጃ፣ 18ቱ አድራሻ ይሸከማሉ፤ የቀሩት ደግሞ መስመሩን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ዝውውሩ ንባብ ይሁን ጽሕፈት፣ ኃይል ሊቋረጥ መሆን አለመሆኑንና የመሳሰለውን ያስታውቃሉ።

የዚህ ውሳኔ ውጤት በተግባር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። በአድራሻዎቹ ሁሉ ጫፍ ላይ ያለው የ8 ኪሎባይት ክልል ለማስታወሻ ሳይሆን ለተቀጥላ መሣሪያዎች ተመድቧል፤ እያንዳንዱ መሣሪያም በዚያ ክልል ውስጥ ሬጅስተር የሚባሉ ጥቂት አድራሻዎች ይሰጡታል። ለምሳሌ ኦፕሬተሩ የሚጽፍበት ቴሌታይፕ ከ777560 እስከ 777566 ያሉት አድራሻዎች ናቸው (ቁጥሮቹ በስምንት መሠረት የተጻፉ ናቸው፤ የፒዲፒ-11 ሰዎች ሁልጊዜ የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው)። ፕሮግራሙ በ777564 ያለውን ተመልክቶ ማተሚያው ዝግጁ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የአንድን ፊደል ኮድ በ777566 ላይ ሲያስቀምጥ ፊደሉ ወረቀት ላይ ይታተማል። ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ቁጥርን ከአንድ የማስታወሻ ቦታ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ያው ተራ ትእዛዝ ያትማል፣ ዲስክ ያሽከረክራል፣ የፋብሪካ ቫልቭ ይከፍታል። አዲስ መሣሪያ የፈለሰፈ መሐንዲስም ፕሮሰሰሩን መንካት ሳያስፈልገው ለመሣሪያው አድራሻ መርጦ መስመሩ ላይ መሰካት ብቻ ይበቃዋል። ፒዲፒ-11 በሆስፒታል፣ በቴሌፎን ማዕከል፣ በፊዚክስ ላቦራቶሪና በፋብሪካ ሁሉ ሊገባ የቻለበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በመስመሩ ላይ የሚካሄደው ንግግር ራሱ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ዩኒባስ ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ምት የሚያስኬድ የጋራ ሰዓት የለውም። በማንኛውም ቅጽበት አንዱ ክፍል አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ ሆኖ ይሠራል። አዛዡ የሚፈልገውን አድራሻ በአድራሻ መስመሮች ላይ ያወጣና ምልክቶቹ በሽቦው ላይ እስኪረጋጉ፣ ታዛዦቹም አድራሻውን እስኪለዩት 150 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል አንድ ናኖሰከንድ ይባላል) ከጠበቀ በኋላ ጥያቄውን የሚያጸናውን ምልክት ያሰማል። አድራሻው የእርሱ መሆኑን ያወቀው ታዛዥ መረጃውን ያቀርብና በበኩሉ የመልስ ምልክት ይሰጣል፤ አዛዡ መረጃውን ተቀብሎ ምልክቱን ሲያነሳ ታዛዡም የራሱን ያነሳል። ፈጣኑ በፍጥነቱ፣ ዘገምተኛውም በዝግታው ይመልሳል፤ በ1970 የተሠራ ማስታወሻና ከዓመታት በኋላ የተሠራ ፈጣን ማስታወሻ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በተባለው አድራሻ የሚመልስ ክፍል ከሌለ ግን ፕሮሰሰሩ ጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንዶች ጠብቆ ተስፋ ይቆርጥና ስሕተቱን ወደሚያስተናግደው ፕሮግራም ይዘላል።

መስመሩ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ በመሆኑ ተራ የሚያስጠብቅ ሥርዓትም አስፈልጓል። የፕሮሰሰሩን ትኩረት የሚሻ መሣሪያ ከአራት የቅድሚያ ደረጃዎች በአንዱ ጥያቄ ያቀርባል፤ ዲስክን የመሰለ ፈጣን መሣሪያ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር መረጃውን በቀጥታ ከማስታወሻው ጋር ለመለዋወጥ ከሁሉም የሚቀድም አምስተኛ የጥያቄ መስመር አለው። ፈቃዱ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው እንደ ሌሎቹ ምልክቶች ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ዱላ ቅብብል፣ መሣሪያዎቹ መስመሩ ላይ ከሚሰኩባቸው ካርዶች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው፤ ያልጠየቀው ካርድ ለሚቀጥለው ያሳልፋል፣ የጠየቀው ግን ያስቀረዋል። በመሆኑም በደረጃ እኩል ከሆኑት መካከል ለፕሮሰሰሩ የቀረበው ይቀድማል። ከዚህም አንድ ጀማሪን ሁሉ የሚፈትን ነገር ይከተላል፦ በመካከል ባዶ የቀረ የካርድ ማስገቢያ ካለ ቅብብሉ እዚያው ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ በየባዶው ቦታ አራቱን የፈቃድ መስመሮች ከማስገቢያው አንድ ጎን ወደ ሌላው ከማገናኘት ሌላ ሥራ የሌላት፣ የጣት ርዝመት ያላት ካርድ ትሰካለች። አምስተኛው መስመር ደግሞ ከካርዶቹ ጀርባ በተጠመጠመች አጭር ሽቦ የሚያያዝ ሲሆን፣ በቀጥታ ከማስታወሻ ጋር የሚገናኝ የዲስክ መቆጣጠሪያ ሲገባ ሽቦዋ መነሳት፣ ሲወጣም መመለስ አለባት። ይህች ሽቦ የተረሳችበት ኮምፒውተር የሁሉም ካርዶች ጤንነት ተረጋግጦም አይሠራም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መስመር ላይ ይሰኩ ከነበሩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሙዚየም ብቻ የሚታዩ ናቸው። ማስታወሻው ኮር ይባል ነበር፦ በጣም ጥቃቅን የፌራይት ቀለበቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ፣ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ተሰክተው እያንዳንዱ ቀለበት በመግነጢሱ አቅጣጫ አንድ ቢት ይይዛል። የመነሻው 8 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ 65,536 ቀለበቶች ነበሩት። ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን አይረሳም፤ ይሁን እንጂ ሲነበብ ይዘቱ ስለሚጠፋ ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ መልሶ መጻፍ ግድ ነው። ቴሌታይፑ በሰከንድ 10 ፊደላት ያትማል፤ ከጎኑም ፕሮግራም የሚቀመጥበትን የወረቀት ጥብጣብ የሚበሳና የሚያነብ ክፍል ነበረው። አርኬ05 የተባለው ዲስክ ግን ትልቅ እድገት ነበር፤ 14 ኢንች ስፋት ያለው ሳሕን በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየተሽከረከረ 2.5 ሜጋባይት ይይዛል፣ ከነማቀፊያው ወጥቶ በሌላ መተካትም ይችላል። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ኮምፒውተሩን ማስነሳትም የእጅ ሥራ ነበር። ኮሩ ምንም ፕሮግራም ካልያዘ ኦፕሬተሩ ከፊት ባለው ሰሌዳ ላይ በሦስት በሦስት በቀለም የተከፋፈሉትን ስዊቾች ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ 14 ቁጥሮችን አንድ በአንድ ያስገባል። የመጀመሪያው 016701 ነው፤ ዜሮ ያለበት ስዊች ወደ ታች፣ አንድ ያለበት ወደ ላይ ይሆናል። ከአሥራ አራቱ አንዱ እንኳ ቢሳሳት ጥብጣቡ አይነበብም። እነዚህ 14 ቁጥሮች ከጥብጣብ ላይ ሌላ ከፍ ያለ አንባቢ ፕሮግራም ይጭናሉ፣ እርሱም በተራው የተፈለገውን ያስገባል። ማሽኑን ያዘወተሩ ሰዎች ቁጥሮቹን በቃላቸው ይይዟቸው ነበር።

ከዚህ አነስተኛ መሣሪያ ላይ የበቀለው ሥራ ግን ዛሬም ዓለምን ይዟል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች በ1969 በፒዲፒ-7 ላይ የጀመሩትን የዩኒክስ ሥርዓት በ1971 ወደ ፒዲፒ-11/20 አዛወሩት፤ ያ ማሽን 24 ኪሎባይት ማስታወሻና 512 ኪሎባይት ዲስክ ብቻ ይዞ የድርጅቱን የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ያገለግል ነበር። በ1973 የዩኒክስ እምብርት በሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። በሲ ውስጥ ያሉት አንድ የመጨመሪያና የመቀነሻ ምልክቶች ከፒዲፒ-11 ትእዛዞች የተቀዱ ናቸው የሚለው በሰፊው የሚነገር ቢሆንም ስሕተት ነው፤ ቶምፕሰን ምልክቶቹን የፈጠራቸው ፒዲፒ-11 ከመኖሩ በፊት ነበር። እውነተኛው ውለታ ሌላ ነው፦ ፒዲፒ-11 እያንዳንዱን ባይት በራሱ አድራሻ የሚጠራ በመሆኑ ከሲ በፊት የነበረው ቢ የተባለው ቋንቋ ጉድለቱ ታየ፣ ሲም የመረጃ ዓይነቶችን የሚለይ ቋንቋ ሆኖ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ።

የአንድ መስመር ንድፍ ያስከፈለው ዋጋም ነበረ። አሥራ ስምንቱ የአድራሻ መስመሮች ከ256 ኪሎባይት በላይ መጥራት አይችሉም፤ የአንድ ፕሮግራም አድራሻ ደግሞ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ64 ኪሎባይት አያልፍም። ጎርደን ቤልና ዊሊያም ስትሬከር በ1976 ባቀረቡት ጽሑፍ በኮምፒውተር ንድፍ ውስጥ ለማረም እጅግ አስቸጋሪው ስሕተት የአድራሻ ቢቶች ማነስ መሆኑን በግልጽ አመኑ፤ የራስን ሥራ በስድስት ዓመቱ እንዲህ በአደባባይ መመርመር በኢንዱስትሪው ውስጥ የተለመደ አይደለምና ሊመሰገኑ ይገባል። ፍጥነትም ሌላው ችግር ሆነ፤ ፕሮሰሰሩና ዲስኩ በአንድ መንገድ ሲጋፉ ሁለቱም ይዘገያሉ። በ1975 የወጣው ፒዲፒ-11/70 ማስታወሻውን ከዩኒባስ አውጥቶ በራሱ መንገድ እስከ 4 ሜጋባይት አደረሰው፣ ለፈጣን ዲስኮችም ማስባስ የተባለ ሌላ መስመር ሰጠ። በዚያው ዓመት ለርካሽ ሞዴሎች የመጣው ኪውባስ መረጃና አድራሻ በተመሳሳይ ሽቦዎች ላይ በየተራ እንዲያልፉ በማድረግ ወጪውን ቀነሰ። ዩኒባስ ራሱ ግን አልጠፋም፤ በ1977 የወጣው ቫክስ-11/780 ደንበኞች የነበሯቸውን መሣሪያዎች እንዳይጥሉ ሲል የዩኒባስ ማገናኛ ይዞ መጣ። በጠቅላላው ከ600 ሺህ በላይ ፒዲፒ-11ዎች እንደተሸጡ ይነገራል። ዲጂታል በ1998 በኮምፓክ ተገዛ።

ዛሬ እነዚህን ማሽኖች የሚጠግኑት ሙዚየሞችና ግለሰቦች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠነቀቁት ኃይል ከማስገባት ነው። ለዓመታት ያልሠሩ ካፓሲተሮች በድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲያገኙ ሊበላሹ ስለሚችሉ ቀስ በቀስ ይለማመዳሉ፤ 5 ቮልት በ25 አምፔር የሚሰጡት የኃይል ክፍሎችም ከካርዶቹ ተነጥለው በሌላ ጭነት ላይ ይፈተሻሉ፤ ምክንያቱም ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ በመቶ የሚቆጠሩ ቺፖችን በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል። የአርኬ05 ዲስክ አደጋው ሌላ ነው። አየር የሚያጣራውን ክፍል ዙሪያውን የሚያሽገው ስፖንጅ በእርጅና ወደሚያጣብቅ ብናኝ ይለወጣል፤ ያ ብናኝ በሳሕኑና በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ በሚንሳፈፈው የንባብ ጫፍ መካከል ከገባ ሁለቱንም ይፍቃቸዋል። ስለዚህ ስፖንጁ ተፍቆ ወጥቶ አዲስ ሳይተካ ዲስኩን ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም። ጥገናውን የሚቻል ያደረገው ኩባንያው ከማሽኖቹ ጋር ሙሉ የሰርኪዩት ሥዕሎችን ያስረክብ የነበረ መሆኑ ነው፤ ጠጋኙ ጉድለቱን እስከ አንዲት ቺፕ፣ እስከ አንዲት እግሯ ድረስ ተከትሎ ያገኘዋል። በዛሬ መሣሪያዎች ላይ እንዲህ ያለው ዕድል በጣም ጠቧል፤ ይህም ትልቅ ጉዳት ነው።

ሲምኤች የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፒዲፒ-11ን በተራ ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ስለሚያሠራ የቀድሞ ሶፍትዌሮችን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ይበቃል። የመስመሩን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ግን ወደ ካርዶቹ መሄድ ይኖርበታል። በቅርብ ዓመታት ዩኒቦን የተባለ፣ ትንሽ ዘመናዊ ኮምፒውተር የተጫነበት ካርድ ተሠርቷል፤ በዩኒባስ ላይ ሲሰካ የጠፋ ማስታወሻን ወይም የተሰበረ ዲስክን ተክቶ ይመልሳል። የ1970ዎቹ ፕሮሰሰር በ777404 ላይ 5 ሲጽፍ፣ ይህም ለአርኬ05 መቆጣጠሪያ አንብብ ማለት ነው፣ ካርዱ ከራሱ ፋይል አንብቦ መረጃውን በተጠየቀው ቦታ ያስቀምጣል። በ1970 በተወሰነው ሥርዓት መሠረት ጥያቄ ቀርቦ፣ ፈቃድ ከካርድ ወደ ካርድ አልፎ፣ መልስ በጊዜው እስከተሰጠ ድረስ ፕሮሰሰሩ ሳሕን የሚሽከረከርበትን ዲስክ ከዚህ ካርድ የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።